ጀፈርሰን በርዲክ፦ ለአሮጌ ካርዶች ቁጥርና ስም የሰጠው የገጠር ልጅ

በአሜሪካ የጥንት የእግር ኳስ ካርዶችን የሚያሰባስቡ ሰዎች ሲገናኙ ኤን 302 የሚል አጭር መለያ መጥቀሳቸው የተለመደ ነው። መለያው ማዮ የተባለው የትምባሆ አምራች በ1894 ከምርቱ ጋር ያወጣቸውን 35 ካርዶች ያመለክታል። ካርዶቹ የሃርቫርድ፣ የዬልና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ምስል የያዙ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ለአሜሪካ እግር ኳስ የተዘጋጁ የመጀመሪያዎቹ ካርዶች እንደሆኑ ይታመናል። ከ35ቱ አንዱ የተጫዋቹ ስም ሳይጻፍበት ታትሟል። ይህን ካርድ ሳያገኝ ስብስቡን ሞላሁ የሚል ሰው የለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤን 302 የሚለውን መለያ ያወጣው የትምባሆ አምራቹ አልነበረም። የእግር ኳስ ማኅበርም አላወጣውም። ያወጣው ሲራኪዩዝ በተባለች ከተማ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ሲገጣጥም የኖረ፣ መገጣጠሚያዎቹን ሕመም የያዘበት፣ ትዳር ያልመሠረተና ልጅ ያልወለደ ሰው ነው። ስሙ ጀፈርሰን በርዲክ ይባላል።

በርዲክ በ1900 በኒውዮርክ ግዛት፣ ከሲራኪዩዝ በስተሰሜን በምትገኘው ሴንትራል ስኩዌር በተባለች አነስተኛ ከተማ አቅራቢያ ከእርሻ ቤተሰብ ተወለደ። አሥር ዓመት ሲሞላው አሜሪካን አንድ ልዩ ነገር አጥለቅልቋት ነበር። ሲጋራ የገዛ ሁሉ በፓኮው ውስጥ አንዲት ትንሽ፣ ባለቀለም ሥዕል ካርድ ያገኛል። አባቶች ትምባሆውን ያጨሳሉ፣ ልጆች ካርዱን ይወስዳሉ። የበርዲክም ልጅነት በዚህ መልክ አለፈ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር እየተለዋወጠ፣ ያልያዘውን ካርድ ፍለጋ አባቶች የሚያጨሱትን የሲጋራ ዓይነት እንዲቀይሩ እየተማጸነ ብዙ ካርዶችን አከማቸ።

የካርዱ መነሻ ለውበት አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የሲጋራ ፓኮ ከስስ ወረቀት ይሠራ ስለነበር በኪስ ውስጥ በቀላሉ ይጨማደድና ሲጋራው ይሰበር ነበር። አምራቾቹ ይህን ለመከላከል አንዲት ጠንካራ ካርቶን በመሐል አስገቡ። ቀጥሎም ካርቶኗ ባዶ ከምትሆን ለምን ማስታወቂያ አትሆንም ብለው ሥዕል አተሙባት። የጦር አዛዦች፣ የተዋናዮች፣ የአእዋፍ፣ የባንዲራዎችና የስፖርተኞች ምስሎች እየተከታተሉ ወጡ። አለን ኤንድ ጊንተር የተባለው ድርጅት በ1887 የዓለም ሻምፒዮናዎችን በ50 ካርዶች አሳተመ። በቀጣዩ ዓመት ጉድዊን የተባለው አምራች ባወጣቸው ሌሎች 50 ካርዶች ውስጥ የዬል ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ቢቸር ተካተተ። የእግር ኳስ ተጫዋችን ምስል የያዘ የመጀመሪያው ካርድ ይኸው የቢቸር ነው ይባላል። እዚህ ላይ እግር ኳስ ሲባል እኛ የምናውቀው ሳይሆን፣ አሜሪካውያን በሞላላ ኳስ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት መሆኑን ልብ ይሏል።

ለገዢ በነጻ የሚሰጠው ካርድ የንግድ ወጥመድም ነበር። አንድ ተከታታይ 50 ካርዶች ካሉት፣ 49ኙን የያዘ ልጅ ሃምሳኛውን እስኪያገኝ ዕንቅልፍ የለውም፤ አባቱም ከዚያው አምራች መግዛቱን አያቆምም። በ1890 ትላልቆቹ የትምባሆ ድርጅቶች ተዋሕደው አንድ ሲሆኑ ፉክክሩ ጠፋ፣ ካርዱም ቀስ በቀስ ቀረ። ፉክክሩ ሲመለስ ካርዱም ተመለሰ። በርዲክ በልጅነቱ ያገኛቸው ካርዶች የዚህ የሁለተኛው ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

በ1922 ከሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በርዲክ በልዩ ልዩ ሥራዎች ላይ ቆይቶ ክራውስ ሃይንድስ በተባለው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ፋብሪካ ተቀጠረ። ዲግሪ ለያዘ ሰው ዕቃ መገጣጠም ዝቅ ያለ ሥራ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በ1930ዎቹ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞት ነበር። ሕመሙ ጣቶቹን እያጣመመ፣ ጀርባውን እያጎበጠ፣ ዓመት በዓመት እየከፋ ሄደ። ገና ከመነሻው የሚድን በሽታ እንዳልሆነ ተረድቶት ነበር። የልጅነት ካርዶቹን አውጥቶ እንደ ትልቅ ሰው ማሰባሰብ የጀመረውም በዚሁ ዘመን ነው።

ያኔ የአሮጌ ካርድ ሰብሳቢ መሆን ምን ማለት እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኖ መገመት ይከብዳል። ለአንድ ተከታታይ ምን ያህል ካርድ እንደታተመ የሚያውቅ አልነበረም። ድርጅቶቹ ፈርሰዋል ወይም ተዋሕደዋል፤ መዝገባቸውም የለም። ሠላሳ ካርድ የያዘ ሰው ስብስቡ ሞልቶ እንደሆነ ወይም ሃያ ገና እንደቀረው የሚነግረው አልነበረም። ስንት እንደሆነ ያልታወቀን መንጋ ሲጠብቅ የሚውል እረኛ ማታ ወደ በረት ሲያስገባ ምን ብሎ ይቆጥራል? የበርዲክም ችግር ይህ ነበር። ሌላው ችግር ደግሞ ስም ነው። በፊላደልፊያ ያለ ሰብሳቢ ካርዱን በአንድ ስም ሲጠራው የቺካጎው በሌላ ስም ይጠራዋል። በደብዳቤ ተለዋውጠው ፖስታው ሲከፈት የተላከው ቀድሞ የነበራቸው ካርድ ሆኖ ይገኛል።

በርዲክ ይህን ለማስተካከል ተነሣ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ሆቢስ በተባለው መጽሔት ስለ ካርድ መጻፍ ጀመረ፤ ጽሑፉን ያነበቡ ሰብሳቢዎችም ከየአቅጣጫው ደብዳቤ ላኩለት። በ1937 ለሰብሳቢዎች ብቻ የምትሆን አነስተኛ መጽሔት መሠረተ። መጽሔቷን በኋላ ቻርልስ ብሬይ የተባለ ባልደረባው ተረክቦ ቀጥሎባታል። በ1939 ደግሞ በራሱ ወጪ የመጀመሪያውን የካርዶች ዝርዝር መጽሐፍ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ እየተስፋፋ በ1946፣ በ1953 እና በ1960 የአሜሪካ የካርድ ዝርዝር በሚል ስም ታትሟል።

የመጽሐፉ አሠራር ቀላል ነው፤ ብልሃቱም በቀላልነቱ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የወጡት የትምባሆ ካርዶች ኤን የሚል ፊደል ተሰጣቸው። የ20ኛው መቶ ዘመን የትምባሆ ካርዶች ቲ ሆኑ። የቀደሙት የከረሜላና የማስቲካ ካርዶች ኢ፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ የወጡት አር፣ ከዳቦ ጋር የተሰጡት ዲ ተባሉ። ከፊደሉ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር ይከተላል፤ ከቁጥሩ ጎን ደግሞ በተከታታዩ ውስጥ ያለው የካርድ ብዛትና ግምታዊ ዋጋው ይሰፍራል። የእርሻ ተማሪ አንድን ሰብል በዘሩና በዝርያው ለይቶ እንደሚመዘግብ ማለት ነው። በርዲክ ይህን ሁሉ ያደረገው ያለ ኮምፒውተር፣ ከፋብሪካ ሥራ በኋላ ባለው ጊዜ፣ በደብዳቤ ብቻ ነው። አንዱ ሰብሳቢ ሁለት ካርድ እንዳገኘ ይጽፍለታል፣ ሌላው ሦስት ይጨምራል፣ እርሱም በወረቀቱ ላይ ያስተካክላል። ኤን 302 ውስጥ 35 ካርድ እንዳለ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነገረው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት በተጀመረ ቆጠራ የተነሣ ነው።

ስለ ዋጋ ያለው አመለካከት ከዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች ፈጽሞ ይለያል። በዝርዝሩ አብዛኞቹን ካርዶች በሳንቲም ተምኗቸዋል። በዚያ ዘመን ውድ የተባለው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ሲሆን፣ በርዲክ ለእርሱ የተመነው 50 ዶላር ነበር። ዋግነር ምስሉ ከትምባሆ ጋር እንዳይሸጥ በመከልከሉ ኅትመቱ ቶሎ ተቋርጦ ካርዱ ብርቅ እንደሆነ ይነገራል። በ2022 የዚሁ ካርድ አንድ ቅጂ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በርዲክ ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው አይመስልም። ዋጋው በናረ ቁጥር ተራው ሰብሳቢ ከመስኩ ይወጣል የሚል ሥጋት ነበረው፤ ካርዶቹንም ለትርፍ አልያዛቸውም። ለጨዋታውም ቢሆን ልዩ ፍቅር አልነበረውም። ለእርሱ የእግር ኳስ ተጫዋቹ፣ የወፉና የባንዲራው ካርድ እኩል ነበሩ፤ ተራው ሕዝብ በየኪሱ ይዟቸው የኖረ የዘመን ሥዕሎች ናቸውና።

በርዲክ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ ካርዶቹ በሌላ በኩል ያልቁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን አሮጌ ወረቀት ለጦሩ እንዲያዋጡ ሲጠየቁ በየቤቱ ጣሪያ ሥር የነበሩ ሣጥኖች ተራገፉ። የልጆች ካርድም ከጋዜጣው ጋር አብሮ ሄደ። የተረፈውን ደግሞ እርጥበት፣ ፀሐይና የልጆች እጅ ይበሉታል። ጎተራውን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ እህልን ነቀዝና እርጥበት እንደሚያጠፉት ሁሉ ካርድንም የሚያጠፋው ቀስ ብሎ የሚሠራ ጠላት ነው። ፀሐይ የመታው ሥዕል ይደበዝዛል። እርጥበት የነካው ካርቶን ይጎብጣል፣ ሻጋታም ያወጣል። በላስቲክ የታሰረ ካርድ ጠርዙ ይጎደጉዳል።

በእግር ኳስ ካርዶች ላይ ይህ ጉዳት የበለጠ ይታያል፤ ከመጀመሪያውም የታተሙት ጥቂት ናቸውና። በ1935 ናሽናል ቺክል የተባለው የማስቲካ አምራች 36 የእግር ኳስ ካርዶችን አወጣ። የቺካጎ ቤርሱ ብሮንኮ ናጉርስኪ በ34ኛው ቁጥር፣ ከአራት ዓመት በፊት በአውሮፕላን አደጋ የሞተው አሠልጣኝ ኑት ሮክኒም ከእነርሱው ጋር ይገኛሉ። ከ25 እስከ 36 ያሉት የመጨረሻዎቹ 12 ካርዶች ከቀሪዎቹ ይልቅ ብርቅ ናቸው። ስለዚህ ይህን ስብስብ በጥሩ ይዞታ ለመሙላት የሚነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹን 24 በአንጻራዊ ቅለት ያገኝና ከዚያ በኋላ ለዓመታት ይቆማል። አንዳንዱ ናጉርስኪን አስቀድሞ ገዝቶ ቀላሎቹን ለኋላ ይተዋል፤ ሌላው ከቀላሎቹ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይወጣል። የመጀመሪያው መንገድ የተሻለ ይመስላል፤ ውዱ ካርድ ሲቆይ ዋጋው ይጨምራል እንጂ እምብዛም አይቀንስምና። ጥሩ ይዞታ የሚባለውም መለኪያ አለው፦ አራቱ ማዕዘኖች ሹልነታቸው አለመጥፋቱ፣ ጠርዙ አለመቆረሱ፣ ሥዕሉ በካርዱ መሐል በትክክል መቀመጡ፣ ገጹ ያለ እጥፋትና ያለ ጭረት መሆኑ ነው። ዛሬ ይህን መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። በነጥቡ መሠረት የአንዱ ካርድ ዋጋ ከሌላው በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል።

በርዲክ የነጥቡ ዘመን ከመምጣቱ በፊት የኖረ ሰው ነው። እርሱን ያሳሰበው የማዕዘን ሹልነት ሳይሆን፣ ከሞተ በኋላ ካርዶቹ ተበትነው መቅረታቸው ነበር። ወራሽ ልጅ የለውም። ዕድሜውን የፈጀበት ክምችት በጨረታ ቢሸጥ ሙሉ የነበረው ሁሉ እንደገና ጎዶሎ ይሆናል።

በመጨረሻም በ1947 ኒውዮርክ ከተማ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው ድፍረት ነበረበት። ያ ሙዚየም የታላላቅ ሠዓሊያን ሥራ ቤት ነው፤ የቀረበለት ደግሞ ከሲጋራ ፓኮና ከማስቲካ ጋር በነጻ የተሰጠ ካርቶን። ሆኖም የኅትመት ሥዕሎች ክፍል ኃላፊው ሀያት ማየር ነገሩን አልናቀውም። የሕዝብ ኅትመት ታሪክ በእነዚህ ካርዶች ላይ እንዳለ ተመለከተ። ግን ሙዚየሙ የተከመረ ወረቀት ተቀብሎ ራሱ የሚለይበት ጊዜ አልነበረውም። በርዲክ ካርዶቹን ለይቶ፣ በራሱ የፊደልና የቁጥር ሥርዓት አስተካክሎ፣ በአልበም ላይ ለጥፎ እንዲያስረክብ ተስማሙ።

ካርዶቹ ከ300 ሺህ በላይ ነበሩ። በውስጣቸው ከ30 ሺህ በላይ የቤዝቦል ካርዶች፣ በርካታ የሌሎች ስፖርቶች ካርዶች፣ የነጋዴዎች ማስታወቂያዎች፣ ፖስት ካርዶችና የበዓል መልካም ምኞት ካርዶች ይገኛሉ። ይህን ሁሉ የሚለጥፉት ጣቶች ደግሞ ቀጥ ብለው መዘርጋት የተሳናቸው ነበሩ።

ሥራው በ1948 ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በርዲክ በሲራኪዩዝ የፋብሪካ ሥራውን እንደያዘ ካርዶቹን በየጊዜው ወደ ኒውዮርክ ይልክ፣ ራሱም እየተመላለሰ ይለጥፍ ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አለ። ጤናው እየደከመ ሲሄድ በ1959 ከፋብሪካው ጡረታ ወጣ። ወደ ኒውዮርክ ተዛወረና ለሙዚየሙ ቅርብ በሆነ ቦታ አንድ ክፍል ተከራየ። ከዚያ ወዲህ በኅትመት ሥዕሎች ክፍል በተሰጠው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካርድ ሲለይ፣ ሙጫ ሲቀባ፣ ሲለጥፍ ይውል ነበር። የሙዚየሙ ሠራተኞች ከወንበሩ ለመነሣት እንኳ ሲቸገር ያዩት ነበር። ቢሆንም እርዳታ ለምኖ ሥራውን ለሌላ አልሰጠም። አንድን ካርድ የት እንደሚገባ ለይቶ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበርና።

በአሥራ አምስት ዓመት 300 ሺህ ካርድ ማለት በዓመት 20 ሺህ ማለት ነው። የበሽታው ፍጥነትና የአልበሙ ፍጥነት እየተሽቀዳደሙ ዓመታቱ አለፉ። በርዲክ ካርዱን ሳይጨርስ ቢሞት ቀሪው በሣጥን እንደተዘጋ ሊቀር ይችል እንደነበር ለራሱ ግልጽ ነበር።

ስለ ሙጫው አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የዛሬ ሰብሳቢ ካርዱን በፕላስቲክ ሽፋን ያኖረዋል፣ ጠርዙን ብቻ ይዞ ያነሣዋል፣ ሙጫ የሚባል ነገር አያስጠጋውም። ሙጫ የነካው ካርድ ጀርባው ይጎዳል፣ በጀርባው የተጻፈውም አይነበብም፣ ነጥቡም እጅግ ይወርዳል። በዚህ መለኪያ ከሄድን ይህን ታላቅ የካርድ ስብስብ የሠራው ሰው ካርዶቹን በገዛ እጁ አበላሽቷቸዋል። ፍርዱ ግን ከዘመኑ ጋር መታየት አለበት። በዚያን ጊዜ ወረቀትን በአልበም መለጠፍ የተለመደ የአያያዝ ዘዴ ነበር። ከዚህም በላይ፣ በገጽ ላይ የተለጠፈ ካርድ ከተራው አይዛነፍም፣ ተለይቶም አይሸጥም። በርዲክ ከእያንዳንዱ ካርድ ዋጋ ይልቅ የስብስቡን ሙሉነት መረጠ። ለገበያ የሚሆን ነገር ሲታይ ኪሳራ ነው፤ ለታሪክ ግን ዛሬም ገጹን የሚገልጥ ሰው ተከታታዩን በተራው ያገኘዋል።

ጥር 10 ቀን 1963 ከሰዓት በኋላ በርዲክ የመጨረሻዋን ካርድ ለጥፎ ጨረሰ። ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ፣ ተመልሶ እንደማይመጣም ለክፍሉ ሰዎች ነግሯቸው ወጣ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ። ከሁለት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1963 በ63 ዓመቱ ገደማ ዐረፈ። (ወሮቹም እንደ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሞቹ ዛሬም በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ። ብርሃን ሥዕሉን ስለሚያደበዝዝ ሁሉም ባንድ ጊዜ ለእይታ አይቀርቡም፤ ጥቂት ጥቂት ካርዶች እየተፈራረቁ በግድግዳ ላይ ይወጣሉ፣ ቀሪዎቹ በመዝገብ ቤቱ ይቆያሉ። ዋግነርም ከእነርሱ ጋር አለ። ሰብሳቢዎችም ደብዳቤያቸውን በኮምፒውተር ከተኩ በኋላ እንኳ ኤንና ቲ የሚሉትን ፊደሎች አልቀየሯቸውም። በእያንዳንዱ የበርዲክ ካርድ የሙዚየም መዝገብ ላይ 63.350 የሚል ቁጥር ሰፍሯል። የፊተኛው 63 ስብስቡ ወደ ሙዚየሙ መዝገብ የገባበት ዓመት ነው።